የገምራ ራስጌ

በዘርማን ምድር ያሉት የአረምቤ ዛፎች በአንድ ማለዳ ቀይ አበባቸውን አራግፈው ደረቁ። ወዲያው ንዳድ በሕፃናቱ ላይ ወረደ፤ ንዳዱን የሚያበርደው ደግሞ የአረምቤ ቅርፊት ብቻ ነበር። ዘርማኖች ከግንዱ ከበሮና ቀፎ ይሠራሉ፤ ሰው ሲሞትም ቅርንጫፉን ከራስጌው ይተክላሉ። ራስጌው ያላበበለት ሟች ዕረፍት የለውም ብለው ያምናሉ።

«ከጨው ምድር ማዶ አንድ አረምቤ ቀርቷል፤» አሉ ሊቀ ሽማግሌው። «ቅርንጫፉ በአፈራችን ሥር ሲሰድ የደረቁት ሁሉ ይለመልማሉ።»

የንብ አናቢው ልጅ ሰውዳ በንጉሥ ዳምሮት ፊት ተንበረከከች። «ባዶ እጄን ብመለስ፣ ስሞት ራስጌዬ ባዶ ይሁን!» ብላ ማለች።

«ብቻሽን ልኬሽ እናትሽን በምን ዓይኔ ላያት ነው?» አለና አጎቷ ገምራ ጦሩን አነሣ።

የጨው ምድሩን አቋርጠው፣ ዛፉን የሚጠብቀውን ጋርሙድ የተባለ ክንፈ እሳት ዘንዶ ገደሉ። ገምራ እሳቱን በጋሻው ሲመክት ሰውዳ ጦሯን የዘንዶው ጉሮሮ ላይ ሰካች። ከዛፉ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠው በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉ። ከባዱስ መመለሱ ነበር። ቅርንጫፉ የተጠቀለለበት ጨርቅ ከደረቀ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው፤ የዘንዶው እሳትም ከአንድ አቁማዳ በቀር ውኃቸውን ጨርሶታል። ገምራ የራሱን ድርሻ ጨርቁ ላይ ያፈስ ጀመር።

«ኧረ አጎቴ፣ ይጠጡ እንጂ!»

«ቅድም ጠጥቻለሁ፣ ልጄ።»

ውሸቱን ነበር። ሰውዳ እያወቀች ዝም አለች፤ እስከ ዛሬም የሚያንገበግባት ይኸው ዝምታዋ ነው።

የዘርማን ተራሮች ብቅ ሲሉ ገምራ ወደቀ። ሰውዳ ቅርንጫፉን ይዛ ከራስጌው ተንበረከከች፤ ልትተክለውም ጨዉን በእጇ ትምስ ጀመር።

«እዚህ ብትሰኪው ተነሥቼ ነው የምነቅለው፤» አለ፤ ሊስቅም ሞከረ። «ሂጂ!»

ትንፋሹ ሲቆም ጨውና ድንጋይ አልብሳው፣ ራስጌውን ባዶ ትታ፣ እያለቀሰች ሄደች።

ቅርንጫፉ ሥር ሰደደ፤ ዛፎቹ ለመለሙ፤ ሕፃናቱም ዳኑ። ከበሮው ሲመታ ንጉሡ ሰውዳን አስጠርተው «የፈለግሽውን ጠይቂ!» አሏት።

አህያ ጠየቀች። አንድ ቅርንጫፍ ቆረጠች፤ በአህያው ላይም የዘርማንን አፈርና አራት አቁማዳ ውኃ ጫነች።

«በጨው ላይ ምንም አይበቅልም፣ ልጄ፤» አሉ ንጉሡ። «ይህ ሁሉ ውኃስ ለማን ነው?»

«አጎቴን ጠምቷቸዋል፤» አለችና አህያውን ነዳች።