የተገፋው ጣባ

ነኢማ ፈትሁዲንን የወደደችው ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ፣ ሻንጣዋን የራሱ መስሎት ሲያነሳ ጮሃበት ነው። የጠላችው ደግሞ በገዛ ቤቷ፣ በሽማግሌዎች ፊት።

ለጋብቻ ሊጠይቋት ከጊምቢቹ የመጡት ሽማግሌዎች እሺ ተብለው፣ እሱም አብሯቸው ለምሳ ተጠርቶ ነበር። እናቷ ክትፎውን በሸክላ ጣባ አድርጋ፣ ከቆጮ ጋር ራሷ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች። በእንዲህ ያለ ቀን አማች የሚሆን ሰው ጠግቦ እንኳ ቢሆን ይቀምሳል። ፈትሁዲን ግን ጣባውን ገፋ አደረገው።

«ይቅርታ፣ ቀይ ሥጋ ትቻለሁ። ዮርዳኖስ አገር ስማር የአረቦቹን የአመጋገብ ልማድ ከካንሰር ጋር አያይዘን እናጠና ነበር። የነኢማ አባት፣ ጋሽ አህመድም በአንጀት ካንሰር ነው ያረፉት። እናንተም ብትቀንሱ ጥሩ ነው።»



«ባሌን አብልቼ የገደልኩት እኔ ነኝ?» አለች እናቷ። መልስ አልጠበቀችም። «ውጣልኝ!»

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተከትለውት ወጡ።

በሳምንቱ ነኢማን ገበያ መንገድ ላይ ጠብቆ አገኛት።

«አንዴ ስሚኝ።»

«ሂድና አረቦችህን አግባ!»

«ፈርቼ ነው፣ ነኢማ። አንቺ የእሳቸው ልጅ ነሽ። እንዳላጣሽ ፈርቼ ነው።»

ዓይኑ እንባ ማቅረሩን አየች። ሆዷ ባባ፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

«ታዲያ ለእኔ ብቻ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? አሁን እናቴ ጋ ሂድ።»

ሄደ፤ ነኢማም ተከትላው ገባች። እናቷ ተቀመጥ እንኳ አላለችውም።

«እማማ፣ ሥጋ ገደላቸው ማለቴ አልነበረም። በእርግጠኝነት እንዲህ ብሎ የሚናገር ሐኪምም የለም። አፌ ነው ያጠፋው።»



«አንተ ሳትናገረው እኔ ለራሴ ስናገረው ነው የኖርኩት» አለች እናቷ። «በመጨረሻው ሰሞን ክትፎ አማረኝ ሲለኝ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ ሥጋ በአፌ ዞሮ አያውቅም።»

ነኢማ ክው አለች። እናቷ በየበዓሉ ለሁሉም ክትፎ አቅርባ ለራሷ ጎመን ብቻ ስታነሳ አይታለች። ለምን ብላ ግን ጠይቃ አታውቅም።

«ግን በሽማግሌ ፊት ይባላል?» አለች እናቷ።

«አይባልም፣ እማማ።»

እናቷ ጓዳ ገብታ ያንኑ ጣባ ይዛ ተመለሰች። ውስጡ ግን ጎመን ክትፎ ነበር። ፊቱ ዱብ አደረገችው።

«ብላ! ሽማግሌዎችህን መልሰህ ይዘህ ስትመጣ ግን ምላስህን እቤትህ ትተኸው ና።»

ነኢማ እንደተኮሳተረች ከጎኑ ተቀመጠች። ቆጮ ቆረሰችና ከአፉ የሚበልጥ ጎመን ጠቅልላ አጎረሰችው። ፈትሁዲን እስኪውጠው ድረስ አንዲት ቃል መናገር አልቻለም።