የሐጂ የግራዋ ማር

ሀቢቡላህ ሲሞት አፉ በቁስል ተሞልቶ፣ ድዱ ደም አዝሎ ነበር። ነጭ የደም ሴሉ ተሟጦ ስላለቀ፣ ሕፃን የሚቋቋመው የጉሮሮ ሕመም እሱን በሁለት ቀን ጣለው። ሐኪሙ ዶክተር ዓምደሚካኤል በሞት ማስረጃው ላይ ለመፈረም እጁ እምቢ ቢለው ፖሊስ ጠራ። ቀብሩ በዚያው ዕለት ተፈጸመ። ሐሜቱ ግን አልተቀበረም።

ኢንስፔክተር የኔነሽ፣ ሰቶ ሰመሮ በሚባለው ሰፈር ካለው የለቅሶ ቤት የደረሰችው በሦስተኛው ቀን ነው። የሟች ታላቅ ወንድም ሐጂ አብዱልሃዲ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጠበቃት። ግራ እግሩ ቆዳ ጫማ፣ ቀኝ እግሩ ነጠላ ጫማ አጥልቋል። የቀኝ አውራ ጣቱ እንደ በሰለ እሸት ቡና ቀልቶ አብጧል።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት፤ እርስዎ ማለትን ሆን ብሎ ትቶ። «ምግቡን የምትሠራው ሚስቱ። ክኒኑን የምታቀርበው ሚስቱ። እስከ ነገ ቀትር ፋሪዳን ካላሰርሽ አለቃሽ ዘንድ እሄዳለሁ። ልጆቹን እኔ አሳድጋለሁ።»

«እግርዎን ምን ነካው ሐጂ?»

«ድንጋይ መታኝ።»

ሲጠጋት የከረፋ የቡና ገለባ ሽታ አብሮት መጣ። የኔነሽ ሽታውን ታውቀዋለች። ከአጋሮ ከተማ ወዲያ ያለው የሐጂ ቡና ማጠቢያ ዝቃጩን ወንዝ ውስጥ ይለቃል። ሴቶች ከዚያው ወንዝ ይቀዳሉ፣ የሕፃናት ቆዳ ይቆስላል። እሱ ደግሞ በየበዓሉ በሬ እየጣለ ያበላል፣ የበላውም ሁሉ እጁን ይስማል። ወንዙ የሸተተው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል እንጂ ስሙን አይጠራም።

ፋሪዳ ጓዳ ውስጥ ልጅ እያጠባች ነበር። አጠገቧ ጎረቤቷ አዴ ዙህራ ተቀምጠዋል።

«ምን ይበላ ነበር?» አለች የኔነሽ።

«ገንፎና ሾርባ። አንጀቱ ሌላ አይቀበልም። ልጆቼም ከዚያው ይበሉ ነበር፣ ዋላሂ።»

«ከውጭ የመጣስ?»

«ማር ብቻ። ካለፈው ወር ጀምሮ ሐጂ ጁምዓ ጁምዓ የግራዋ ማር ያመጡለት ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁለት ማንኪያ ይወስዳል። ማሎ፣ ማሩን አይጠርጥሩ። ሐጂም በፊታችን ከዚያው ይልሱ ነበር።»

«ማሰሮው የት አለ?»

«ጠፋ።»

«ምን ይጠፋል!» አሉ አዴ ዙህራ። «የቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ ዱዓ ላይ ሳለ ሐጂ ማድ ቤት ገቡ። ወንድ በለቅሶ ቀን ሴቶች ማድ ቤት ምን አለው? ውሃ ጠምቷቸው ነው ብዬ ብቀዳላቸው ውሃውን ትተው ማሰሮውን ታቅፈው ወጡ።»

«ስለዚህ ማሩ የለም።»

«አለ እንጂ! ለበሽተኛ የመጣ ለጎረቤት ሳይደርስ አይበላም። በስኒ ትልክልኝ ነበር። እኔ ደግሞ መራራ አልወድም፤ እንዳይከፋት ተቀብዬ አስቀምጠዋለሁ። ሦስት ስኒ ቆሞልኛል።»

ፋሪዳ ከለቅሶዋ መሐል ቀና አለች። «አዴ! ጣፈጠኝ ብለውኝ አልነበር?»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

የኔነሽ ልትወጣ ስትል ከመስኮቱ ሥር ሁለት ሃይላንድ አየች። በውስጣቸው ቡናማ ውሃ አለ።

«የእሱ ናቸው» አለች ፋሪዳ። «ከወንዙ ያስቀዳው። ሰኞ ለአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሊመሰክር ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ቢሮ ገባች።

«ለአንጀት ቁስለቱ አዛታዮፕሪን ይወስድ ነበር» አለ ዶክተሩ። «ሰውነት ውስጥ ከበዛ የአጥንት መቅኔን ያደርቃል። መድኃኒቱን ሰባብረው የሚያስወግዱ ኢንዛይሞች አሉ። ዋነኛው በተፈጥሮ የደከመባቸው ሰዎች ስላሉ፣ ሳልጀምርለት አዲስ አበባ ልኬ አስመርምሬዋለሁ። ውጤቱ ደህና ነበር።»

የኔነሽ የደም ውጤቶቹን አገላበጠች። «ይኼ ዩሪክ አሲድ የሚለው፣ ሰባት ነበር፤ ሰባት፤ የመጨረሻው ግን ሁለት። ለምን?»

ዶክተሩ ወረቀቱን ነጥቆ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። «አላየሁትም። ዓይኔ ነጭ ሴሉ ላይ ነበር።»

«ማየት ነበረብዎት» አለችው። ከአዴ ዙህራ ከተቀበለቻቸው ስኒዎች ሁለቱን ለላቦራቶሪ አስረክባ ማታውኑ እንዲመረመሩ አደረገች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁሉም ድንኳኑ ሥር ተሰበሰቡ። የኔነሽ አንዱን ስኒ ሐጂ ፊት አስቀመጠች።

«ያመጡት ማር ነው። ይቅመሱ።»

ስኒውን ሲያይ ዓይኑ ለቅጽበት ወደ ዙህራ ዞረ። ከዚያ ጣቱን ነክሮ ላሰ፤ ደግሞ ላሰ፤ ሦስተኛውን በመበለቲቱ ፊት አጣጥሞ ጢሙን ጠረገ። «አየሽ? መርዝ ቢሆን አሁን በወደቅኩ!»

የኔነሽ ስኒውን ከፊቱ አነሳች።

«አይወድቁም። የራስዎ መድኃኒት ነው። እግርዎን ድንጋይ አልመታውም፤ ሪህ ነው። የገዙበት መድኃኒት ቤት ነግሮኛል፤ በየወሩ አሎፑሪኖል የሚባለውን የሪህ ክኒን ሠላሳ ይገዛሉ። እየዋጡት ቢሆን ጣትዎ እንዲህ ባላበጠ። ክኒኑ የት ሄደ? ማሩ ውስጥ ተገኘ። ግራዋ መራራ ስለሆነ ምሬቱን ማንም አልጠረጠረም።»

«የሪህ መድኃኒት ሰው አይገድልም!»

«ብቻውን አይገድልም። ዩሪክ አሲድ የሚሠራ አንድ ኢንዛይም አለ። አዛታዮፕሪንን ከሰውነት ከሚያስወግዱትም አንዱ እሱ ነው። የእርስዎ ክኒን ያንን ኢንዛይም ዘጋው። የሀቢቡላህ ዩሪክ አሲድ ከሰባት ወደ ሁለት የወረደው ለዚህ ነው። አዛታዮፕሪኑም ተጠራቅሞ መቅኔውን አደረቀው። ፋርማሲስቷ ‹አዛታዮፕሪን ይወስዳሉ?› ብላ ስትጠይቅዎ፣ ‹እኔ አልወስድም፣ ወንድሜ ግን ይወስዳል› አሏት። ‹ይህን ክኒን እንዳይነካብዎ፣ ይገድለዋል› አለችዎ። ቃሏን ሰጥታለች።»



«ሰኞ እስኪያልፍ ታሞ እንዲተኛ ብቻ ነበር» አለ አብዱልሃዲ። «በአላህ፣ ወንድሜ ነው።»

 ትናንት እጁን ሲስሙ የነበሩት ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። ካቴናው ሲገባለት ከንፈሩን ላሰ።

«አፌ መረረኝ። ውሃ ስጡኝ።»

ፋሪዳ ልጇን ለአዴ ዙህራ አቀብላ ወደ ጓዳ ገባች። ከሁለቱ ሃይላንዶች አንዱን ይዛ ተመለሰች፤ ሌላው ከማለዳ ጀምሮ ፖሊስ ዘንድ ነው። ክዳኑን ከፈተችው። የከረፋ ገለባ ሽታ ድንኳኑን ሞላው።

«ይኸው ውሃ፣ ሐጂ። ከወንዝዎ ነው። ይጠጡ።»

ማሩን ሦስት ጊዜ የላሰው ሰው አፍንጫውን በታሰሩት እጆቹ ሸፈነ።