ከወንበሩ የተነሣው ሰው

ኡራኤል ፖስታውን በጠረጴዛው ሥር አሳለፈ። አበጋዝ ዓይኑን ከቁማር ካርታው ሳይነቅል ተቀበለው።

ፖስታው ውስጥ ያለው አድራሻ የውሸት ነው። ይህን የሚያውቁት ኡራኤልና አለቃው አዘዘ ብቻ ናቸው። የትነበርሽ፣ ከአገሯ ገራፊዎች አምልጣ ልትመሰክርባቸው የተዘጋጀችው ሴት፣ የተሸሸገችው ሄግ አጠገብ ራይስዋይክ፣ ዘብ በማይለየው ቤት ነው። አበጋዝ እሷን አሳድዶ ሊያስገድል የተላከ ሰው ነው። ኡራኤል ከሚሠራበት፣ ሄግ ካለው የሆላንድ የስለላ ቢሮ ደግሞ አንድ ሰው ውስጥ ውስጡን ይረዳዋል።

ማን?

ይህን ለማወቅ ኡራኤል የ1995ን (እ.ኤ.አ.) ብርድ ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ ሰፈር፣ ከአንድ ሱቅ ጓዳ ፖከር ሲጫወት ከረመ። ለአበጋዝ መረጃ የሚሸጥ ሳህን አጣቢ ነኝ ብሏል። በቢሮው መዝገብ ስሙ «ሰንበሌጥ» ነው። ጨዋታውን ያስተማሩት አዘዘ፣ የክርስትና አባቱም ናቸው።

«ባዶ እጁን የሆነ ይፎክራል» ይሉት ነበር፤ «ካርታ የሞላለት ያዝናል።»

በሩ ተከፈተ። አዘዘ እንደ ዕቅዳቸው ባይተዋር መስለው፣ የተቀዳደደ የሥራ ልብስ ለብሰው ገቡ። አበጋዝን በቅርብ ልየው ብለው ነበር።

«ኖር» አለ አበጋዝ፣ ብድግ ብሎ።

አበጋዝ! ለቄስ እንኳ በአገጩ ኖር የሚል ጥጋበኛ! ለዚህ ቡትቶ ለባሽ ሽማግሌ አሸናፊ ካርታውን ገልጦ ጥሎ ተነሣ።

ኡራኤል የተጣለውን ካርታ አየ። ያውቃቸዋል ማለት ነው? ወይስ ለሽበታቸው ይሆን? አይሆንም። ቢሆንም በጥርጣሬ ብቻ አባት አይከሰስም።

ሲጋራ ላጭስ ብሎ ወጣ። አዘዘም ተከተሉት።

«ጋሼ፣ የትነበርሽ ፈርታለች። ዛሬ ከሰዓት ከራይስዋይክ ጣቢያ ብቻዋን ባቡር ትይዛለች።»

ውሸቱን ነው። ለሌላ ለማንም አልተናገረም።

አዘዘ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምስኪን። እግዜር ይጠብቃት።»

አዘኑ፤ ካርታ እንደ ሞላለት ሰው።

ኡራኤል ከመንገድ ስልክ ለአዘዘ የበላይ አለቃ ደወለ። የትነበርሽን ወዲያው ወደ ሌላ ቤት አዛወሯት። ከሰዓት በኋላ አበጋዝና ጓደኞቹ ጣቢያው ላይ ከነሽጉጣቸው ተያዙ። አዘዘም ቤታቸው ተያዙ።

መኪና ሲያስገቧቸው ለኡራኤል አንድ ነገር ብቻ ነገሩት።

«አገር ቤት ልጄን ይዘውብኝ ነው።»

ኡራኤል ወላጅ አባቱን ሲቀብር እንዲህ አላለቀሰም። የከተማው ሐበሻ ግን የክርስትና አባቱን የሸጠ ብሎ ረገመው፤ ደጀ ሰላም መርገጥ አልቻለም። ቢሮው ስሙን ለውጦ አምስተርዳም አዛወረው።

በበጋው የትነበርሽ መስክራ ወደ ካናዳ በረረች። ሽኝቷን በሩቅ እንዲጠብቅ የተላከው እሱ ነበር፤ የጽዳት ልብስ ለብሶ የስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያን ወለል ይወለውላል። ፊቱን አይታው አታውቅም። ስታልፍ ግን ቆመች። ከተሸሸገችበት ጊዜ ጀምሮ የአገሯ ሰው ናፍቋታል።

«ወንድሜ፣ ሐበሻ ነህ?»

«ኔይ፣ ሜቭራው» አለ በሆላንድኛ፤ አይደለሁም፣ እመቤቴ።

ይቅርታ ጠይቃው ወደ አውሮፕላኗ ሄደች።