ሻምበልና ሚስማር ላይ የቀረው ካፖርት

ለተከበራችሁ የኮልፌና የቀራንዮ ነዋሪዎች፣ በአጥር ለምትጎራበቱ፣ በዚያ በኩል ለምታልፉና ሱሪ ለምትለብሱ ሁሉ! ሻምበል የተባለው ውሻ በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት በመምህር መኳንንት ላይ መጮኹን በገዛ ፈቃዱ ያቆመ መሆኑን በታላቅ ደስታ እናበስራለን።

ዜናው በሬዲዮ አልተነገረም። የሹም ሽሩ ዝርዝር ረዝሞ ይሆናል። ለሁለት ሰዎች ግን ከሹም ሽር ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ሻምበል የጥሩብርሃን ውሻ ነበር። ጥሩብርሃን የጽጌማርያም ባል፣ የጅማ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለውና በዚያው ቀረ። ለጽጌማርያም የተረፉላት የልብስ ስፌት መኪናዋ፣ ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ የተሰቀለው ካፖርቱና ውሻው ናቸው። ካፖርቱን አላጠበችውም። ናፍጣ፣ ትምባሆና እሱን ይሸታል።

መኳንንት ደግሞ የጎረቤቷ የእማማ ዘይነባ ተከራይ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ የባዮሎጂ መምህር። የማያብራራው ነገር የለም። ሰው ሲያነጥስ «ይማርህ» ከማለቱ በፊት ለምን እንዳነጠሰ ይነግረዋል።

መጀመሪያ በአጥሯ ሥር ሲያልፍ ሻምበል ሱሪውን ቦጨቀው። ጽጌማርያም ሮጣ ወጣች።

«ውይ በሞትኩት! ነከሰዎት?»

«እኔን እንኳ አልነካኝም። ጠቡ ከሱሪዬ ጋር ነው።»

«ይግቡ፣ ልስፋልዎት።»

«እሱ ይቀድዳል፣ እርስዎ ይሰፋሉ። ጥሩ ሽርክና ነው!»

ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የራሷን ሳቅ ሰምታ አታውቅምና ደነገጠች።

ከዚያ ወዲያ የመኳንንት ልብስ ያለ ውሻ እርዳታም ይቀደድ ጀመር። ቁልፉን በገዛ እጁ በጥሶ ይመጣል። «እርስዎ» መባባሉም ሳይታወቃቸው ቀረ።

«የስፌት መኪናሽ ሲጮህ አፍሽን ካላየሁ አልሰማሽም» ይላታል። «ዓይን ጆሮን ያግዛል።»

«ለዚህ ነው ስታፈጥብኝ የምትውለው?»

«ለትምህርት ነው።»

አንድ ቀን ብርቱካን ልጦ ዓይኗን አስጨፈናት፤ አፍንጫዋንም በጣቶቹ ያዘና አጎረሳት።

«ምን ይላል?»

«ምንም! ስኳር የገባበት ውሃ...»

ጣቶቹን ለቀቀ። ፊቷ በራ።

«ብርቱካን ሆነ!»

«ምላስ ብቻውን ብዙ አያውቅም» አላት። «ሰውም ብቻውን...»

«ተው እንግዲህ!» አለች። ግን ጉንጯ ላይ የቀረውን እጁን አላነሳችውም።

አመሻሽ ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ነገር ይለወጣል። በዚያች ሰዓት አንዲት አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና እንጨት ጭና ከአየር ጤና በኩል ትመጣለች፤ ድምፅዋ የጥሩብርሃን መኪና ድምፅ ነው። ሻምበል ጆሮውን አቁሞ፣ ጅራቱን እየቆላ ወደ አጥሩ በር ይከንፋል። መኪናዋ ታልፋለች። መሬቱን ያሸታል፣ አየሩን ያሸታል... ከዚያ እንደ ሰው ያቃስታል። የጽጌማርያም እጅ ጨርቁ ላይ ደርቆ ይቀራል። ከበሩ ኋላ ካፖርቱ ትከሻ አውጥቶ የቆመ ይመስላል።

«ጆሮው መጣ ይለዋል» አላት መኳንንት በቀስታ። «አፍንጫው የለም ይለዋል። ሁለቱ ካልተስማሙለት አያምንም።»

«እኔስ? እኔም እኮ በሩ ሲከፈት እሰማለሁ።»

ለዚህ ማብራሪያ አጣ። ስለዚህ «አግቢኝ» አላት።

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«ሻምበል ይጮህብሃል፣ መኳንንት። ውሻው እንዳይመስልህ... ጥሩብርሃን ነው። እሱ ሳይፈቅድ አልችልም።»

የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ዕጣው በውሻ እጅ ወደቀ።

በዚያ ሰሞን የእማማ ዘይነባ ላም ጥጃዋ ሞተባትና ወተቷን ከለከለች። እማማ የጥጃውን ቆዳ ጭድ ሞልተው አቆሙላት። ላሚቱ አሸተተች፣ ላሰች፣ ወተቷን ለቀቀች።

«ሠራ!» አለ መኳንንት።

«ይሠራል ልጄ። እኔ ግን ሳልባት ዓይኗን አላይም።»

እሱ የሰማው «ይሠራል» የምትለዋን ብቻ ነው።

በማግስቱ ክርኑ የተቀደደ ሹራብ አመጣ። ራሱ ከካፖርቱ ሥር ሰቀለው። ቢሰፋም «ረሳሁት፣ ነገ እወስደዋለሁ» እያለ ሰነበተ። በመጨረሻ ወሰደውና አንድ አመሻሽ ለብሶት ብቅ አለ።

ሻምበል አልጮኸም። ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ሹራቡን እየላሰ አለቀሰ።

«ፈቀደ!» አለች ጽጌማርያም። «ፈቀደልኝ!» ሮጣ ደረቱ ላይ ወደቀች። ዓይኗን ጨፈነች።

ናፍጣ። ትምባሆ። እሱ።

«የኔ ዓለም...» አላት የመኳንንት ድምፅ።

ጮኸች። በአንድ ደረት ውስጥ ሁለት ሰው ነበር፤ አንደኛው የሞተ። ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሹራቡን አየች፣ ሚስማሩን አየች። ገባት።

«ጽጌ፣ ላስረዳሽ...»

«እኔ የእማማ ዘይነባ ላም ነኝ?»

«ነገሩ እኮ...»

«ጭድ ሞልተህ መጣህልኝ? ውጣ!»

ሻምበል ሹራቡን አልለቅም አለ። መኳንንት አውልቆ ተወለትና በሸሚዙ ብቻ ዝናቡ ውስጥ ገባ። ውሻው ሹራቡን ታቅፎ ሰነበተ፤ ሽታው ሲያልቅ ለቀናት እህል አልቀምስ አለ። ጽጌማርያም በእማማ ዘይነባ በኩል አንድ ቃል ላከችበት፦

«ባሌን ሁለቴ ቀበርኩት በሉት።»

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን በአሥራ ሁለት ሰዓት ከአጥሩ ውጭ፣ ጉም ውስጥ፣ ሰው ቆሞ አየች። «ጥሩብርሃን?» ልትል ነበር፤ ሻምበል በቁጣ ጮኸ። ያን ጊዜ አወቀችው። መኳንንት ነው፤ የልብስ ሳሙና ብቻ የሚሸት መኳንንት። አልተጠጋም፣ አልተናገረም። የትሬንታ ኳትሮዋ ድምፅ ሲሰማ ውሻው ዝም አለ። መኳንንት ባርኔጣውን አወለቀ፤ እሱም ወደ መንገዱ ዞሮ ጠበቀ። መኪናዋ አለፈች። ውሻው ሲያቃስት፣ መምህሩ በአጥሩ ማዶ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ሄደ።

በማግስቱም መጣ። ክረምቱን ሙሉ መጣ። ጽጌማርያም በመስኮት ታያለች፤ አትወጣም።

ጥቅምት ላይ አንድ አመሻሽ መኪናዋ አለፈች፣ ሻምበል አቃሰተ። ከዚያ ዞረ፤ በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫውን አሾልኮ የመኳንንትን እጅ አሸተተ፣ ፊቱን አየ፣ ትንፋሹን አዳመጠ። አፍንጫው፣ ዓይኑና ጆሮው በአንድ ቃል ተስማሙ፦ መኳንንት ነው። አገጩን የመምህሩ መዳፍ ላይ ጣለ።

በሩ ተከፈተ።

«ግባ» አለች ጽጌማርያም። «ሱሪህ ጭቃ ሆኗል።»

በጥር በቀራንዮ መድኃኔዓለም ተጋቡ። ካፖርቱን ከሚስማሩ አውርዳ ለሻምበል አነጠፈችለት። ዛሬም አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የስፌት መኪናዋን ታቆማለች፤ ውሻው ይነሳል፣ መኳንንትም አብሮት ይነሳል።

«ክረምቱን ሙሉ» አለችው አንድ ቀን፣ እሱና ውሻው ከአጥሩ በር ሲመለሱ። «በዚያ ዝናብ... ጭራሽ የማታውቀውን ሰው፣ የሞተን ሰው... ለምን ጠበቅከው?»

መኳንንት ባርኔጣውን ባዶው ሚስማር ላይ ሰቀለ።

«አላብራራም» አለ።