የባህር ዳር ቤት በጎባ

እስከዳርን መጀመሪያ ያየኋት መሰላል ላይ ሆኜ ነው። ጎባ፣ የእናቷን ቤት ልለስንና ኖራ ልቀባ ተቀጥሬ። ከታች ቀና ብላ ስታየኝ ብሩሼ አመለጠኝና ጫማዋን ነጭ አደረገው።

«ጫማውንም እንድትቀባ ነው የቀጠርንህ?» አለች።

«እሱ ምርቃት ነው!»

ሳቀች። አለቀልኝ።

እሷ ሮቤ የቤት ንድፍ የምታስተምር ናት። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ከአስተማሪ ጋር ተጣልቼ የቀረሁ። ግን አፍ አለኝ። እሷ ሰበብ ፈልጋ ትመጣለች፣ እኔ ሰበብ ፈልጌ ልስኑን አዘገያለሁ። እናቷ እትዬ ወለተኢየሱስ «ይሄ ልጅ ከግድግዳው ይልቅ አንቺን ነው የሚያየው» እያሉ ያጉረመርማሉ።

አንድ ቀን መሰላሌ ስር ቆመች።

«ጫሊ፣ ቤቱ የስፔን ቤት እንዲመስል ነው የምፈልገው። በጓሮ በኩል የገጠር ቤታቸውን ይምሰል። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደውን ብርድ የማያስገባ። ድንጋዩን አትለስነው፣ እንዳለ ይታይ። የፊት ለፊቱ ግን የባህር ዳር ቤታቸውን ይምሰል።»

«የባህር ዳሩን ለኔ ተይው!»

«ታውቀዋለህ?»

«ወላሂ፣ ዓይኔን ጨፍኜ!»

«ፎቶ ልላክልህ?»

«ለጫሊ? ፎቶ? ተይ እንጂ!»

ዓይኗ ዓይኔ ላይ ቆየ። እንደዛ እያየችኝ «አላውቅም» ከምል ከመሰላሉ ብወድቅ ይሻለኛል።

ስፔን የት እንዳለች በየት በኩል ልወቅ? ግን ጣልያን በየአገሩ ቤት ሠርቶ የለ? ስፔንም ባህር ዳር ከተማ ሄዶ ሠርቶ ይሆናላ! ባህር ዳር ደግሞ ምን እንዳለ ማን ያጣዋል? ጣና ነዋ!

እናትና ልጅ አጋርፋ ለቅሶ ሄዱ። እኔ የፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ታንኳ ሳልኩ። ዘንባባ ጨመርኩ። ዓሣ ጨመርኩ። ታንኳው ላይ ሁለት ሰው አስቀመጥኩ። አንዷ እስከዳርን እንድትመስል ስንት ተጨነቅኩ! አንዱ እኔ ነኝ፣ ትንሽ አሳመርኩት።

ሲመለሱ ከነዘመዶቻቸው ነው። ሚኒባሱ በር ላይ ቆመ። ያ ሁሉ ሰው ጥቁር እንደለበሰ ግድግዳዬን አየ። ከዛ አንዷ አክስት አፏን በነጠላ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሌሎቹም ተከተሏት። ከለቅሶ የመጣ ሰው አሳቅኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ እትዬ ወለተኢየሱስ።

«ባህር ዳር ነው እትዬ። ጣና።»

እስከዳር ዓይኗን ጨፈነች። ጠጋ ብላ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ፣ «ጫሊ... ከተማውን አይደለም። ባህር ዳርቻ ማለቴ ነው፣ ስፔን ያለው። ነጭ ኖራ ብቻ፣ መስኮቱ ሰማያዊ» አለችኝ።

ያ ረቢ! ጆሮዬ ጋለ።

«ማነው ይሄን ሳል ያለህ?» ጮኹ እናትየው።

«እኔ ነኝ እማዬ» አለች እስከዳር ቶሎ ብላ። «እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»

«አንቺ! ተምረሽ ተምረሽ ቤቴን ዓሣ ቤት አስመሰልሽው? ሰው ፊት ታዋርጂኝ?»

አንገቷን ደፋች። ለኔ ስትል። የሳቁብኝን እችለዋለሁ፣ ይሄ ግን አጥንቴ ድረስ ገባ።

«ትዋሻለች እትዬ» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስልህ አለኝ። «እሷ በደንብ ነግራኛለች። እኔ ነኝ ያልገባኝ። ፎቶ ልላክ ስትለኝም እምቢ አልኩ። አላውቅም ማለት አፍሬ ነው። እሷ ፊት... ስለምወዳት።»

የመጨረሻዋ ሳላስባት ወጣች። ሳቁ ቆመ።

እትዬ ወለተኢየሱስ እኔን አዩኝ፣ ታንኳውን አዩት።

«ይቺ እሷ ናት?»

«አዎ እትዬ።»

«አፍንጫዋን አበላሽተኸዋል» አሉና እንግዶቹን ይዘው ገቡ።

ኖራ በጠበጥኩ። እስከዳር ነጠላዋን አስቀምጣ ብሩሽ አነሳች።

«ተይው፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ዝም ብለህ ቀባ።»

ዓሣው ጠፋ፣ ዘንባባው ጠፋ። ታንኳው ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ቆምን።

«እኔም እኮ ባህር አይቼ አላውቅም» አለች በቀስታ። «በፎቶ ነው።»

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። እጇ መጥቶ ኖራ የለበሰው እጄ ውስጥ ገባ።

«ጫሊ!»

እናትየው መስኮቱ ላይ ቆመው ሁሉንም እያዩ ነበር።

«እጅህን ታጠብና ግባ፣ ምሳ ቀርቧል።»

መሬት ተሰንጥቃ ትዋጠኝ አልኩ። እጇን ግን አልለቀቅኩም።