ሰማይ ቆጣሪው

አሚን ሳጥኑን አቅፎ ሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ከሚኒባስ ሲወርድ፣ ከተማው ስለ እሱ ማወቅ ያለበትን ሁሉ ወዲያው አወቀ። ቲክ ቲክ የሚል ሳጥን ይዞ ቆላ የሚወርድ ሰው ወርቅ ፈላጊ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«የጠፈር ጨረራ ነው የምቆጥረው» አላቸው ሰሊጥ ነጋዴውን ሐጂ ጀይሉን፣ ከመጋዘናቸው አንድ ጥግ እንዲፈቅዱለት ሲለምን። «ከሩቅ ከዋክብት የሚመጣ ነው፤ በዓይን አይታይም። ከፍ ባሉ ቁጥር ይበዛል። እዚህ ቆላ ላይ ለክቼ ጎንደርን፣ ከዚያ ደባርቅን እለካለሁ። አውሮፕላን ላይ የሚሠሩ ሰዎች ምን ያህል እንደሚያገኛቸው ማስላት ነው የዩኒቨርሲቲ ጥናቴ።»

«ልክ ነህ ልጄ። ሁሉም ከሰማይ ነው የሚመጣው» አሉና በዓይናቸው ጠቀሱት። ጥጉንም ሰጡት።

ከዚያ ወዲያ ሻይ ቤቱም ባጃጅ ነጂውም ይጠቅሰው ጀመር። ያልጠቀሰችው የሐጂ ልጅ ሳሚያ ብቻ ነበረች። ሰሊጥ የሚነፉትን ሴቶች የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ወንፊቷን አስቀምጣ መጥታ ሳጥኑ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«አሁን ቲክ ያለው ምንድን ነው?»

«አንዲት ቅንጣት አለፈች።»

«በየት በኩል?»

«በጣሪያው፣ በሳጥኑ፣ በመሬቱ። ምናልባት በአንቺም።»

«ሳታስፈቅድ?»

ሳጥኑ ብቻውን መቁጠር ቢችልም፣ አሚን ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠገቡ መዋል አበዛ።

አንድ ቀን ሳሚያ ዓይኗን ከሳጥኑ ሳታነሳ፣ ለበረራ አስተናጋጅነት ተፈትና ማለፏን ነገረችው። አባቷ እሺም እምቢም አላሉም። ሰሊጥ ገዢን የሚያደክሙትም እንዲሁ ነበር።

«ሥልጠናው ሊጀመር ነው» አለች።

«ጥሩ ነው» አለ አሚን። ጥሩ እንዳልሆነ ሁለቱም ሰሙት።

አርብ ዕለት አሚን ከጁምዓ ሲመለስ ሳጥኑ ወደ ጎን ተገፍቷል። በቦታው ሐጂ ጀይሉ እስከ ወገባቸው ጉድጓድ ውስጥ ቆመው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ከጎጃም ለአጨዳ የወረዱ ሁለት የቀን ሠራተኞች ዶማቸውን ተደግፈዋል።

«ወርቁ የታለ?» አሉ ሐጂ።

«ወርቅ የለም። ከመጀመሪያው ነግሬዎት ነበር።»

«ሰው እውነቱን እንዲህ አፍ አውጥቶ ይናገራል? ወላሂ፣ ድንበር ላይ እኮ ነው ያለነው!»

«እንድፈነው ወይስ ለሽንት ቤት ይሁን?» አለ አንዱ ሠራተኛ።

ሐጂ ከጉድጓዱ ሳይወጡ አሚንን ትክ ብለው አዩት። ሰሊጥ ዘግነው መዳፋቸው ላይ ሲመረምሩም እንዲህ ነው የሚያዩት።

«እንግዲያው የምትዋሽ ሰው አይደለህም» አሉ፣ ቅር እንዳለው ሰው። «ኸላስ፣ አለቀ። ስለ ልጄ ልጠይቅህ። ይሄ የምትቆጥረው ነገር ከፍ ሲሉ ይበዛል ብለሃል። ይጎዳታል ካልክ ትቀራለች። አይጎዳትም ካልክ ትሄዳለች።»

ሳሚያ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወንፊቱ ከእጇ አልወረደም። አሚን አያት፤ እሷም አየችው። «ይጎዳታል» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል።

ሳጥኑ ቲክ አለ።

«ከመሬት ይልቅ ይበዛል» አለ አሚን። «ጠፈርተኛ ላይ ይከብዳል፤ ከምድር ከለላ ወጥቶ ወራት ይከርማል። የበረራ ሠራተኛን የሚያገኛት ግን ጥቂት ነው። የሚያስቀራት አይደለም። ስታረግዝ ብቻ ቶሎ መናገር አለባት።»

«ስታረግዝ» ሲል ዓይኑን ከሳሚያ ላይ አሸሸ። ጨረራ ማጥናቱ እዚያ ላይ አልረዳውም።

«እህትህ ብትሆን ትልካታለህ?»

«እልካታለሁ።»

«እህትህ ባትሆንስ?»

ሐጂ ጀይሉ ነጋዴ ናቸው፤ ከጆንያው ሥር ያለውንም ይዘግናሉ። አሚን የተገፋውን ሳጥን ወደ ራሱ ሳበ።

«እልካታለሁ» አለ።

የሄደች ዕለት ሻንጣዋን እስከ መናኸሪያው ተሸከመላት።

«አባቴ ጠየቀህ፣ መለስክለት» አለች ሳሚያ። «እኔን ግን ምንም አልጠየቅከኝም።»

«ብጠይቅሽ ትቀሪ ነበር?»

«አላውቅም። አሁንማ መቼም አላውቀውም።»

ረዳቱ «ጎንደር! ጎንደር!» እያለ በሩን ዘጋው።

በዓመቱ አጨዳ ሲደርስ አሚን ልኬቱን ሊደግም ተመለሰ። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ጆንያ ሞልቶታል። ጉድጓዱ የነበረበት ጥግ ግን ባዶውን ነው፤ ተደፍኖ ተጠርጓል።

ሐጂ በር ላይ ቆመው ሽቅብ ያያሉ። እጅግ ከፍ ብሎ አንድ አውሮፕላን ነጭ መስመር እየጎተተ ይሄዳል።

«ቁጠር» አሉት።

«ሐጂ፣ ይሄ ሳጥን እሷን አይቆጥርም።»

«አውቃለሁ። አንተ አትዋሽም፣ ይኸው ነው ጣጣህ። ቁጠር ብያለሁ።»

አሚን ሳጥኑን ከፈተ። መስመሩ ሰማይ ላይ ሟሙቶ እስኪጠፋ ድረስ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለው አዳመጡ።