የመምሬ ወልደ ሐዋርያት ግዝት

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፥ ጥቅምት ዐሥራ ስምንት ቀን፥ በዋግ የሚገኘው የጋዝጊብላ ደጋ ገና አዝመራውን አልሰበሰበም ነበር፤ ከቀጭን አምባ ግርጌ እስከ ቆላው አፋፍ ድረስ ገብሱ ጎንበስ ብሎ ቆሞ፥ ከማዶ ያሉት ተራሮች አንዱ ከአንዱ ጀርባ እየተደራረቡ፥ ለሚያያቸው ሁሉ የፈጣሪን ሥራ ያስመሰክሩ ነበር። በዚያ ማለዳ የቀጭን አምባ ትምህርት ቤት ኮሚቴ ከኪዳነ ምሕረት ደብር አጥር ሥር ተሰብስቦ፥ ከወረዳ የመጣውን የትምህርት ባለሙያ አቶ ዓለምነህን ያዳምጣል።

ትምህርት ቤቱን የሠራው አገሬው ራሱ ነው፤ ሦስት ክፍል፥ የቆርቆሮ ክዳን፥ ጥቁር ሰሌዳ፥ ሠላሳ ዴስክ፤ አስተማሪ ብቻ ጠፋ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። የመጀመሪያው መምህር አገውኛ አያውቅም፤ ሕፃናቱም አማርኛ ገና አልሰሙም፤ ሦስት ወር እንደ ዲዳ ሲተያዩ ከርመው የገና ዕለት ወጥቶ ቀረ። ሁለተኛውም አገውኛ ሳይለምድ ታሞ ሄደ። ሦስተኛው ባለፈው ግንቦት በሰሜን ጦርነት ሲነሣ፥ የስም መጥሪያውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ዘመተ።

«አባቶቼ፤» አለ ዓለምነህ፥ ባርኔጣውን አውልቆ፤ «እስከ ኅዳር ሠላሳ አስተማሪ ካልገባ፥ ቆርቆሮውም ዴስኩም ተነቅሎ መምህር ላለው ቀበሌ ይሰጣል። ትእዛዝ ነው፤ የእኔ ክፋት እንዳይመስላችሁ።»

የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ደግሰው ቱግ አለ፤ «እናንተ ላኩልንና ይግባ እንጂ! መምህር እንደ ጎመን እኛ እንዝራው?»

«በልጆቹ ቋንቋ ይማሩ ከተባለ ወዲህ፥ አገውኛ የሚናገር መምህር ዞኑ ራሱ በባትሪ እየፈለገ ነው። አንዲት አለች፤ በሐምሌ ከማሠልጠኛ የወጣች፥ ገና ያልተመደበች። የእናንተው ልጅ ናት። ነገር ግን የምደባው ቅጽ ላይ ‹ከቀጭን አምባ በቀር የትም› ብላ ጽፋለች።»

«ማን ትባላለች?»

ዓለምነህ ለመናገር አመነታ። «ዓይናዲስ ደግሰው።»

ደግሰው አንገቱን ደፋ። የቀሩት ግን ዞረው ያዩት መምሬ ወልደ ሐዋርያትን ነበር።

መምሬ ወልደ ሐዋርያት በዚያን ጊዜ ስድሳ ሦስት ዓመት ሞልቷቸዋል፤ የደብሩ አንጋፋ ቄስ፥ የአገሬው ሁሉ የነፍስ አባት፥ አርባ ዓመት ለዲያቆናት ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ደግሰው የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጁን ዓይናዲስን ዳረ፤ ልጅቱም በሦስተኛው ቀን ከባሏ ቤት ወጥታ ጠፋች። የሁለቱ ቤት ዘመዶች ዱላ ሊማዘዙ ሲሉ፥ መምሬ ነገሩን ያበረዱ መስሏቸው በደጀ ሰላሙ ቆመው፥ ዓይናዲስን እሳት የሚሰጥ፥ ውኃ የሚያጠጣ፥ ደጁንም የሚከፍት በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን አሉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ልጅቱ ግዝቱ ወዳልደረሰበት ወደ ሰቆጣ በእግሯ ተሰደደች፤ በጠላ ቤት እንስራ እያጠበች፥ ከቀድሞው የእርስ በርስ ጦርነት ማግሥት ትምህርት ቤት ሲከፈት ገብታ፥ ሁለት ሁለት ክፍል እየዘለለች ተማረች። እናቷ ወይዘሮ ይመኙሻል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሟን በአደባባይ አልጠራችም።

«ያሰርኋት እኔ ነኝ፤» አሉ መምሬ፤ «የምፈታትም እኔ ነኝ። ነገ ሰቆጣ እወርዳለሁ።»

ደግሰውም ተከተላቸው። ቀኑን ሙሉ ሲጓዙ ሁለቱ ከዐሥር ቃል በላይ አልተነጋገሩም፤ አባት ልጁ አታየኝም ብሎ ይፈራል፤ ቄሱ ታየኛለች ብለው ይፈራሉ። በማግሥቱ ጠዋት ዓለምነህ ከገበያው በላይ ካለች አንዲት የኪራይ ቤት አደረሳቸው። መምሬ ከደጃፉ ሲደርሱ ጥምጣማቸውን አውልቀው ለደግሰው ሰጡት፤ ከአጥሩ ሥር አንድ ትልቅ ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ ጫኑና፥ አገር እንደሚያደርገው ጎንበስ አሉ። በዋግ ሰው የገደለ ለሟች ዘመድ እንዲህ ያደርጋል፤ ቄስ ለሴት ልጅ ሲያደርገው ግን ከዚያ በፊት ያየ አልነበረም። ውኃ ቀድታ የምታልፍ ሴት ጀሪካኗን አውርዳ ቆመች፤ ወደ ገበያ በግ የሚነዱ ሁለት ገበሬዎችም በጎቹን ረስተው በአግራሞት ቀሩ።

ዓይናዲስ ወጣች። በካርቶን ላይ ለአገውኛ ማስተማሪያ ፊደል ስትጽፍ ነበርና ጣቶቿ በቀለም ተበክለዋል። መጀመሪያ አባቷን አየች፤ ቀጥሎ ድንጋዩን።

«አባ! ምን ሆነው ነው? ያውርዱት እንጂ፥ ሰው እያየ!»

«ይቅር ሳትይኝ አላወርድም፤ ልጄ። በአንደበቴ ገደልሁሽ።»

«ይቅር ብያለሁ። ያውርዱት፤ አንገትዎ!»

ድንጋዩን ራሷ አነሣችላቸው። መምሬም መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ» እያሉ ባረኳት፤ ደግሰው ከአጥሩ ጥግ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። ዘጠኝ ዓመት የተከመረ ነገር በአንድ ጠዋት ተናደ፤ መምሬም ጉዳዩ ያለቀ መሰላቸው።

«እንግዲህ ስንቅሽን ያዢና እንሂድ፤» አሉ።

«የት?»

«ወደ አገርሽ ነዋ! ሕፃናቱ እየጠበቁሽ ነው።»

ዓይናዲስ ራሷን ነቀነቀች። «ይቅርታው ሌላ፥ መሄዱ ሌላ ነው፤ አባ። እኔ ፊደል ያስቆጠርኋት ልጅ በዓመቱ ተድራ ከፊቴ ከጠፋች፥ ምን አስተማርሁ ይባላል? የሄዱት መምህራን እንኳ ቋንቋ ነው ያጡት፤ እኔ ቋንቋውን ይዤ ልጆቹን አጣለሁ።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«እኔን ያሰሩበትን ሥልጣን ይያዙና በዚያው ደጀ ሰላም ይቁሙ። ከትምህርት ቤት ልጅ አውጥቶ የሚድር፥ የሚያጭ፥ ድግሱንም የሚበላ ይገዘት። ኮሚቴው ውስጥም ሴቶች ይግቡ፤ እናቴ ትግባ። ልጅ ስትታጭ አስቀድሞ የሚሰማው ማጀት ነው፤ እናንተ ወንዶቹ የምትሰሙት ጠላው ከተጠመቀ በኋላ ነው። ይህ ከሆነ በእግሬ እመጣለሁ።»

«ከባድ ነገር ጠየቅሽ፤ ልጄ። አገሩ አይሸከመውም።»

«አባ፤ የልጅ ልጅዎ ወለተ ሐና ስንት ዓመቷ ሆነ?»

ወለተ ሐና ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ለቄሰ ገበዝ ካሤ ልጅ ለዲያቆን እንግዳው ታጭታ፥ ሠርጓ ከጥምቀት ማግሥት ተቆርጧል። ዲያቆን ድንግል ካላገባ ክህነቱ ይፈርሳልና የካህናት ቤት ልጅ ከአገሩ ልጅ ሁሉ ቀድማ ትዳራለች፤ ይህ ለመምሬ ከአባት ከአያት የመጣ ሥርዓት እንጂ ነውር ሆኖ ታይቷቸው አያውቅም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ተረት ያን ጊዜ ልባቸውን ወጋቸው። ባዶ እጃቸውን አቀበቱን ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለሽማግሌው መራራ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ይፍረስ ቢሉ አገር ይጨልማል፤ ግዝቱን ቢናገሩ የመጀመሪያው ሰለባ የራሳቸው ቤት ነው። ቄሰ ገበዝ ካሤ ደግሞ እንዲሁ ጎረቤት አይደለም፤ አብረው ዳዊት የደገሙ፥ አብረው የተሰደዱ፥ በሰባ ሰባቱ ረኃብ የመጨረሻዋን ቁና ሽምብራ ለሁለት የተካፈሉ ወዳጃቸው ነው። አንድ ቀን ወለተ ሐና የፍየል ግልገል ታቅፋ ስትሥቅ አዩዋት፤ ቁመቷ ከግልገሏ እናት እምብዛም አይበልጥም። ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ እስከ ሠርክም አልወጡም።

ኅዳር ሃያ አንድ ቀን፥ ለጽዮን ማርያም በዓል፥ ከሦስት አጥቢያ የመጣ ሕዝብ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው። ቅዳሴው ሲያልቅ መምሬ ወልደ ሐዋርያት መስቀላቸውን ይዘው ከደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ቆሙ።

«ክርስቲያኖች፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት እዚህ ቆሜ አንዲት ሕፃን ገዝቻለሁ። ተሳስቻለሁ፤ እሷንም ፈትቻለሁ። ዛሬ የምገዝተው ሌላ ነው። ከእንግዲህ ከትምህርት ቤት ልጁን አውጥቶ የሚድር፥ የሚያጭ፥ ድግሱን የሚበላ፥ ሠርጉን የሚባርክ ካህንም ቢሆን፥ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን! ቤቴንም አስቀድሜ ገዝቻለሁ፤ የወለተ ሐና ሠርግ ቀርቷል፤ መምህርቷ እንደ መጣች ትምህርት ቤት ትገባለች።»

ሕዝቡ እንደ ተተከለ ቀረ። ይህ ሳይበቃ ሽማግሌው ያንኑ ቃል ከመጀመሪያው ጀምረው በአገውኛ ደገሙት። ግዝት በዚያ ደብር ከጥንት ጀምሮ በግዕዝና በአማርኛ ይነገር ነበር እንጂ እናቶች ልጆቻቸውን በሚያባብሉበት ቋንቋ ተሰምቶ አያውቅም፤ ከአጥሩ በስተ ግራ የቆሙት ሴቶች እያንዳንዱ ቃል ሲገባቸው ፊታቸው ተለዋወጠ፤ አንዳንዷ በድንጋጤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከመካከላቸው ይመኙሻል እልል አለች። ዘጠኝ ዓመት የታፈነ እልልታ ነውና ሲወጣ ያስፈራ ነበር፤ ሌሎቹም ተቀበሏት፤ ድምፁ ወደ ገደሉ ወርዶ እንደገና ሲመለስ ሽማግሎቹ ሳይቀሩ አማተቡ።

ቄሰ ገበዝ ካሤ ግን በሕዝቡ መካከል አልፎ መጣ። «አርባ ዓመት ከአንድ መሶብ በላን፤ ወልደ ሐዋርያት፤» አለ በዝግታ፤ «ዛሬ በአደባባይ ገለበጥኸው።» መልስም ሳይጠብቅ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በአንድ መቅደስ ቀደሱ እንጂ ሰላምታ አልተለዋወጡም።

ወሬው በሁለተኛው ቀን ሰቆጣ ደረሰ፤ ዓይናዲስም ኅዳር ሃያ አራት ቀን ካርቶኖቿን በጀርባዋ አዝላ አቀበቱን ወጣች። ኮሚቴው እንደገና ተመረጠ፤ ሦስት ሴቶች ገቡ፤ ደግሰው ሊቀ መንበርነቱን በፈቃዱ ለባለቤቱ ለይመኙሻል ለቀቀ፤ ወንዶቹም «ቤትህን አስረከብህ» እያሉ ሲያፌዙበት «ከኔ ይልቅ እሷ ትጮሃለች፤ ወረዳ የሚሰማው ጩኸት ነው» ብሎ አሣቃቸው።

በማግሥቱ ትምህርት ተጀመረ። መምሬ ወደ ክፍሉ መግባት አፍረው በመስኮቱ በኩል ቆሙ። ዓይናዲስ ጠመኔ አንሥታ በሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ፊደሉን አወቁት፤ አርባ ዓመት ያስቆጠሩት ያው ፊደል ነው። ፊደሎቹን አጋጥመው ሲያነቡት ግን ግዕዝም አማርኛም አልሆነላቸውም፤ እናታቸው ውኃን የጠራችበት ቃል ነበር። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ይበልጥ ተጠጉ። ያ ቋንቋ የእረኛና የማጀት ነው እየተባለ ሲኖር፥ ፊደል ይሸከመዋል ብለው በሕልማቸውም አስበው አያውቁም። ዓይናዲስ አንድ ነገር ጠየቀች፤ አርባው ሕፃን በአንድ አፍ መለሰ፤ ከሌሎች ቀድማ የጮኸችውም ወለተ ሐና ነበረች። እነዚያ ለቀደሙት መምህራን ዲዳ የነበሩት ልጆች ቆርቆሮው እስኪያስተጋባ ይናገሩ ነበር።

«ጌታ ሆይ፤» አሉ መምሬ፥ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ፤ «ይህ ሁሉ ድምፅ የት ነበር?»

ዘመን ዘመንን እየተካ ሄደ። በዚያ ዓመት የተጻፈው የወረዳው ሪፖርት ስለ ቀጭን አምባ የሚለው «አንድ መምህር ተመድቧል፤ ኮሚቴው ተጠናክሯል» ብቻ ነው፤ እውነት ነው፤ ሐሰት የለበትም። ቆርቆሮው ሳይነቀል ቀረ፤ ክፍሉ ሦስት የነበረው ስምንት ሆነ፤ ዓይናዲስም ርእሰ መምህርት ተባለች። መምሬ ወልደ ሐዋርያት በግንቦት ወር ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ዐረፉ፤ ያን ጊዜ ወለተ ሐና እንደ መምህርቷ ክፍል እየዘለለች ተምራ፥ በመምህራን ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ካህናቱ የሕይወት ታሪካቸውን በአንዲት ገጽ ጽፈው፥ ደኅና አንባቢ እሷ ናት ብለው ለዓይናዲስ ሰጧት። ተወለዱ፥ ዳዊት ደገሙ፥ ክህነት ተቀበሉ፥ ይህን ያህል ዲያቆናት አፈሩ፥ የደብሩን ክዳን አሠሩ እያለች በጠራ ድምፅ አነበበች። ወደ ታች ስትወርድ «በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ለትምህርት ቤቱ አስተማሪ በማፈላለግ ረድተዋል» ከሚል አንድ መስመር ደረሰችና ቆመች። ወረቀቱን እንደያዘች ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። የሚያውቁት አንገታቸውን ደፍተው አለቀሱ፤ ለቅሶ ሊደርሱ ከሩቅ የመጡት ግን የምታነበው መስመር የጠፋባት መሰላቸው።